ከኮርቻው ሥር ያለችው የክብሪት ቀፎ

ውድ ፌንጣዬ፣

ሳይክልሽ ደኅና ነው። ይህን ያስቀደምኩት ስልክ ስትደውዪ ከእናትሽም ከእኔም በፊት የምትጠይቂው እሱን ስለሆነ ነው። ጎማው ሙሉ ነው፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ካቴናው ዘይቱን ጠጥቷል። ከእኔ ይልቅ እሱ ተመችቶታል። እናትሽም ደኅና ናት፤ የእሷን ነገር ግን ቀስ ብዬ ነው የምመጣበት፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሷ የተነሳ ነውና።

ባለፈው «ሥራው አልሆነልኝም፣ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ጠቅልዬ እመጣለሁ» ስትዪኝ አላመንኩሽም። ከሕፃንነቷ ጀምራ በየቦዩ ላይ እንጨት ስታጋድም፣ ጉንዳን ስታሻግር ያደገች ልጅ፣ እውነተኛ ድልድይ እጇ ሲገባ አልሆነልኝም አትልም። «ለምን?» ብልሽ «ዝም ብሎ» አልሽ። አንቺ ዝም ብሎ የሚባል ምክንያት ኖሮሽ አያውቅም። እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር ጥርሴ ውስጥ እንደ ገባ ሥጋ ነው፤ ካላወጣሁት እንቅልፍ የለኝም። ፈለግኩት፣ ያገኘሁትም ይመስለኛል። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ አንቺ ግን ታቋርጪኛለሽ። ደብዳቤ አይቋረጥም። ወደ ሥራ ቦታችሁ ሲሚንቶ ለሚያመላልሰው ሹፌር ሰጥቼዋለሁና ከቅዳሜ በፊት ይደርስሻል፤ ሰውዬው መንገድ ላይ ካላነበበው።

ከቦርሳዋ ልጀምር። ወደ ድልድዩ ሥራ ልትሄጂ ስትይ፣ የእኔ አውቶቡስ መስመሩን ቀይሮ በእግሬ ስንከላወስ አይተሽ «ሳይክሌን ውሰድ» ያልሽኝ ዕለት፣ ከኮርቻው ሥር የታሰረችውን ትንሽ ቦርሳ መታ መታ አድርገሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?

«አጎቴ፣ ከዚህች ምንም እንዳታወጣ። እዚህ ውስጥ ያለው ሁሉ ምክንያት አለው።»

«ምክንያቱን ንገሪኛ።»

«አልነግርህም። አንተ ማንም ሳያስተምርህ የሰዓት ሆድ ከፍተህ አይደል ሙያህን ያገኘኸው? ይህችንም ክፈታትና ተማር።»

ተንኮሉን ከእኔ እንደተማርሽው ስለማውቅ አልተቀየምኩም። ያልሽኝን ግን አልሰማሁም። በማግስቱ ሱቄ ገብቼ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍኳት። ከቤት እስከ ሱቅ ያለውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ በሳይክል አንድ ዘፈን ሳያልቅ የሚያልቅ መንገድ ነው። ለዚህ መንገድ ያቺ ጉድ ምን አልያዘችም? ተጣጥፎ የታሰረ የውስጥ ጎማ። ክንድ የማታህል መንፊያ። ማስቲሽና የጎማ ልጣፊ። የብሎን መፍቻዎች፣ እንደ ቢላዋ አንዱ ከሌላው የሚታጠፉ። የሻይ ማንኪያ የሚመስሉ ሁለት የፕላስቲክ ነገሮች፤ በማንኪያዎቹ ምን እንደምትበዪ አሰብኩ። ፌስታል። የልብስ መቆንጠጫ። የጠርሙስ ቡሽ። ከሁሉ በታች ደግሞ በላስቲክ የታሰረች የክብሪት ቀፎ። ስከፍታት ክብሪት የለም። መርፌዎች ናቸው፤ ሁሉም ክር ገብቶላቸው፣ ክራቸው እየተጠቀለለ በሥርዓት የተደረደሩ፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር።

«ይቺ ልጅ ሥራ ነው የምትሄደው ወይስ ስደት?» አልኩ ለግድግዳ ሰዓቶቼ። ሁሉንም መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቦርሳዋን ባዶ አስቀረኋት። ባዶ ቦርሳ ቀላል ነው፤ ባዶ ጭንቅላትም እንዲሁ።

መጀመሪያ የቀጣኝ ሱሪዬ ነው። ያን ግራጫውን፣ እናትሽ «ሰው ያስመስልሃል» የምትለውን። መገንጠያው ላይ የደንብ አስከባሪው እጁን ሲያነሳ ቀድሜው ላልፍ ተጣደፍኩ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፣ የእኔ ግን አልተፈታም፤ ተበላ። ካቴናው የሱሪዬን ጫፍ ጎርሶ አልለቅም አለ። ለማስለቀቅ ተንበርክኬ ስታገል ደንብ አስከባሪው መጥቶ «አባባ፣ ሱሪዎትን የሚይዙበት መቆንጠጫ የለዎትም?» አለኝ። መቆንጠጫዋ ለካ ለዚያ ነበረች! እኔ መንገድ ላይ ልብስ የምታሰጪ መስሎኝ ነበር።

ሱቅ ደርሼ የተቀደደውን ከዚያችው ክብሪት ቀፎ ጥቁር ክር የገባለት መርፌ አውጥቼ ሰፋሁት። ስሰፋ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። «አሃ» አልኩ፣ «መርፌዎቹም ለዚህ ናቸው። ልጅቷ ብልህ ናት።» መቆንጠጫዋንና የመርፌዎቹን ቀፎ ቦርሳዋ ውስጥ መለስኩ። ሌላውን ተውኩት። ለምን ይህን ያህል ብዙ መርፌ፣ ለምንስ በዚህ ሁሉ ቀለም የሚለው ትንሽ ቆረቆረኝ፤ ግን መልስ ያገኘ ሰው ሌላ ጥያቄ አይወድም።

ፌስታሉን ያስተማረኝ ዝናብ ነው። ሳይክሉን ሱቄ ደጃፍ አቁሜ ሲዘንብበት ዋለ፤ ያ ኮርቻ ለካ ስፖንጅ ነው፣ ከላይ ደረቅ መስሎ ውስጡ ሐይቅ ይዟል። ቤት ስደርስ እናትሽ ከኋላዬ አየችኝና «በዚህ ዕድሜህ?» ብቻ ብላ ገባች። ኮርቻውን የሚያለብሱት በፌስታል ኖሯል። ፌስታሉም በማግስቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ጠርሙስ ስባሪ ላይ ወጣሁ። የኋላው ጎማ ተሰነጠቀ፣ እስከ ውስጡ። የውስጥ ጎማሽ የት ነው? መሳቢያ። መንፊያው? መሳቢያ። ማስቲሹ? ታውቂዋለሽ። ቦርሳዋ ውስጥ ያለው መቆንጠጫ፣ ፌስታልና መርፌ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔ ጎማ ሰፋሁ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ በሰማያዊ ክር፣ ጥልፍልፍ አድርጌ፣ ሰው እያየኝ። የልብስ ሰፊዋ እናትሽ ወንድም ነኝና ስፌቱ እንከን አልነበረውም። ከዚያ እየገፋሁ ማዶ ያለው ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት፣ ሊነፋልኝ።

ጎሚስታው አጎንብሶ አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ፣ እንደገና አጎነበሰ።

«ጋሼ፣ ይህን ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኝ።»

«ጎበዝ። አዝራር ግን ረሱ።»

«አንተ ንፋ።»

«የተበሳው እኮ ውስጡ ነው። ላዩን ሸማ አልብሰው ውስጡን ምን ሊያደርጉት ነው?» ብሎ ሠራተኞቹን ጠርቶ አስጎበኛቸው። ሁለቱን ማንኪያ መሳይ ነገሮችም ያኔ በእጁ አየኋቸው፤ ጎማ ከቸርኬው የሚያላቅቁበት ኖሯል። ስቆ ሲጠግብ የክብሪት ቀፎዋን በእጄ አይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«ይቺ የልጅቷ ክብሪት አይደለችም?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በየጠዋቱ እዚያ ስፌት ቤቱ መስኮት ሥር ትቆምና ለእናቷ ታቀብላት ነበር። እናትየዋ ባዶውን ትመልስላት ነበር። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነው እንጂ፣ ሲጋራ በትልቅነት ከጀመሩት ማቆሙ ከባድ ነው፤ ይምከሯቸው።»

ፌንጣዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ ደስ አለኝ። ከትምህርት ቤት አጥር ዘልዬ ስወጣ የምታሳብቅብኝ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስስቅ የምትቆጣኝ ታላቅ እህቴ ተደብቃ ታጨሳለች ማለት፣ ለእኔ የዕድሜ ልክ ስጦታ ነበር። መርፌ የሞላበትን ቀፎ በእጄ እንደጨበጥኩ ስለ ሲጋራ አሰብኩ። ሰው ዓይኑ እያየ የሚታወረው እንዲህ ነው። ያን ዕለት ማታ እሷ ሳህን ስታነሳ ከኋላዋ ተጠግቼ አሸተትኳት።

«ምን ታነፈንፈኛለህ እንደ ድመት?»

«ሽቶ ቀየርሽ ወይ ብዬ።»

«ሳሙና ይባላል። አንተም ሞክረው።»

በማግስቱ እጅ ከፍንጅ ልይዛት ሄድኩ። ሳይክሉን ከዛፉ አስደግፌ በስፌት ቤቱ መስኮት አጮልቄ አየሁ። አንቺ ስንት ጊዜ እንዳየሽው አላውቅም፤ እኔ ያየሁት ያን ዕለት ነው። እናትሽ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ከጎኗ አዝራር የሚጠብቁ የደንብ ልብስ ሸሚዞች ተቆልለዋል። መርፌውን ወደ ብርሃኑ አነሳች። ክሩን በምራቋ አራሰች፣ አሾለች፣ ሰደደች፤ ሳተች። መርፌውን አራቀችው፤ ሳተች። አቀረበችው፣ አንገቷን አዘነበለች፤ ክሩ ከቀዳዳው ጎን አልፎ ሄደ። ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞረው ኃላፊያቸው ስትቀርብ፣ እናትሽ መርፌውን ጭኗ ላይ ጥላ መሳቢያ ውስጥ አንዳች ነገር የምትፈልግ መሰለች። መሳቢያው ባዶ ነበር፤ ከነበርኩበት ይታየኛል።

«እትዬ፣ ዛሬም ይሄ ሁሉ ተረፈ?»

«ክሩ ነው እኮ፣ ይበጣጠሳል።»

«ሌሎቹም የሚሰፉት በዚሁ ክር ነው» አለች ሴትየዋ፤ ክፉ ሰው አትመስልም፣ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። «የሚቀጥለው ወር ማሸጊያ ክፍል ቢገቡ ይቀልዎት ነበር። ካርቶን ማጠፍ ብቻ ነው።»

እናትሽ «አስብበታለሁ» አለች። ካርቶን! እሷ አዝራር የተከለችበት ሸሚዝ ጨርቁ ያልቃል እንጂ አዝራሩ አይወልቅም። ሴትየዋ ዞር ስትል መርፌውን እንደገና አነሳች፤ ብዙ ታግላ ክሩ ሲገባላት ግን ጣቶቿን ብታዪ፣ የዱሮዎቹ ናቸው። ዓይኗ ነው እንጂ እጇ ምንም አልሆነም።

እኔ እዚያ ዛፍ ሥር ቆሜ የክብሪት ቀፎዋን ከኪሴ አወጣኋት። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር። የደንብ ልብስ ቀለሞች። ጎማም ሱሪም አልነበረም ነገሩ፤ ለሳይክልሽ ስንቅ የመሰለኝ የእናትሽ ዓይን ኖሯል። የጠዋት መንገድሽም ያኔ ገባኝ፤ የዱሮው መሥሪያ ቤትሽ በሌላ በኩል እያለ በየጠዋቱ በስፌት ቤቱ በኩል ትዞሪና «ቁልቁለቱን ስለምወደው ነው» ትዪን ነበር። ወደ ድልድዩ ስትሄጂ ለብዙ መርፌ ክር አስገብተሽ ትተሽላት እንደነበር፣ እሱም ማለቁን ኋላ ከራሷ ሰማሁ። የሚያልቅበትን ቀን አስልተሽ ነው «ቅዳሜ እመጣለሁ» ያልሽኝ፤ አይደለም? ስሌትሽ ልክ ነው፤ መሐንዲስ ነሽ።

ሱቅ ሄጄ አጉሊ መነጽሬን ዓይኔ ላይ ተከልኩ። በእሱ ሲታይ የመርፌ ቀዳዳ የቤት በር ያህላል፤ ክር አይደለም ገመድ ታስገቢበታለሽ። ደንበኛ መጥቶ «ሰዓቴ ደረሰ?» ሲለኝ «እየሰፋሁልህ ነው» አልኩት። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ስም ያለው ሰው ምንም ቢያደርግ ያምኑታል።

ጠዋት ቀፎዋን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስቀምጬ፣ እናትሽ ሳታየኝ ፔዳሌን ረገጥኩ። በማግስቱ ሳልፍ ቀፎዋ እዚያው አለች፤ ባዶ። ባዶም አይደለችም፤ ውስጧ አንዲት ቁራጭ ቡናማ ክር ተኝታለች። ቡናማ ቀለም ደንብ ልብስ ጀምረዋል ማለት ነው። ቡናማ ክር ገዝቼ አስገባሁ። ቤት ስንገናኝ አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም ለጉድ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እራት ላይ ግን ድንገት፣ ወደ ግድግዳው እያየች፣

«አንዳንድ ሰው ክር ሲቆርጥ ንፉግ ነው» አለች።

«አንዳንድ ሰው ደግሞ ሲረዱት ማመስገን አያውቅም» አልኩ ለጨው ዕቃው።

ጨው ዕቃውን ወደ እኔ ገፋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሩን ክንድ ሙሉ እያደረግኩ እቆርጣለሁ።

ግን ፌንጣዬ፣ በክብሪት ቀፎ ስንት ወር ይኬዳል? ሐኪም ጋ እንሂድ ብላት እንደማትሄድ አውቃለሁ፤ አንቺም ሳትሞክሪ አልቀረሽም። ስለዚህ በራሴ ዓይን መጣሁባት። በር መሳት ጀመርኩ። ሻይ ከብርጭቆው ጎን ቀዳሁ። «እህቴ፣ ዓይኔ ጠፋ፣ ብቻዬን ሐኪም ጋ መሄድም ፈራሁ» አልኳት።

«አንተ? የጉንዳን እግር የምትቆጥረው?»

«እሱማ ዱሮ ነው።»

እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ወረፋ ስንጠብቅ ስብከቷን ብትሰሚ፤ ሰው ምን ያስፈራዋል፣ ሐኪም ያያል እንጂ አይበላም፣ ተደብቆ የዳነ በሽታ የለም፣ አንተ ዱሮም ፈሪ ነህ። አንዱን ቃል ሳልጥል አጠራቀምኩላት። ሐኪሟ እኔን አይታ ስትጨርስ ከወንበሩ ተነሳሁና «ዶክተር፣ ይህን ሁሉ ድፍረት የሰጠችኝ እህቴ ናት፤ በእሷም ስም ካርድ አውጥቻለሁ፣ እሷንም ይዩልኝ» አልኩ። እናትሽ በሩን አየች። በሩ ላይ እኔ ነበርኩ። ያን ሁሉ ሰብካ ወዴት ትሂድ?

የዓይን ሞራ ነው፤ በሁለቱም፣ ቀኙ የባሰ። «ይነሳል» አለች ሐኪሟ፣ አቧራ የሚጠረግ ያህል። ለሚመጣው ወር መጀመሪያ ቀጠሮ ይዘውላታል። ለእኔ ደግሞ መነጽር ታዘዘልኝ። አዎ፣ ሳቂ። የእውነት ዓይኔ ደክሞ ኖሯል፤ በአጉሊ መነጽር ስኖር ማን ነግሮኝ።

ስንመለስ ሳይክሉን መሐላችን አድርገን እየገፋን ነበር። ብዙ ከሄድን በኋላ፣

«ዋሽተኸኛል» አለችኝ።

«አልዋሸሁም፤ መነጽር ታዞልኛል። ይልቅ አንቺ ሲጋራ ታጨሺያለሽ ተብሏል።»

የጎሚስታውን ነገር ስነግራት መሐል መንገድ ቆማ እስክታለቅስ ሳቀች። ከመሳቅ የመጣው እንባ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላም አልቆመም። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችና መሪውን ያዝ አደረገች።

«ሞራውን ፈርቼ አይደለም የተደበቅኩት» አለች። «እሷ እንዳትመጣ ነው። ካወቀች ትመጣለች። ልጄ ድልድይ ትታ እኔ ጋ ቁጭ ብላ መርፌ ላይ ክር ልትሰካ? የክሩ ማለቅ ሲቃረብ በስልክ ድምፅዋ ይቀየርብኛል። ማሸጊያ ክፍል ልግባ ብዬ የቆረጥኩትም ለዚሁ ነው፤ ካርቶን ክር አይፈልግም። እንዳትነግራት።»

«አልነግራትም።»

«ትነግራታለህ።»

«እጽፍላታለሁ» አልኳት። ዝም አለች። እኛ ቤት ዝምታ ፈቃድ ነው።

እንግዲህ ይኸው ጻፍኩልሽ። አንቺ እናትሽን ለማዳን ድልድይሽን ልትተዪ፣ እሷ አንቺን ለማዳን ሙያዋን ልትተው፣ ሁለታችሁም ዝም ተባብላችሁ። የአንቺ ቤት ሰዎች መደባበቅ ላይ ጎበዞች ናችሁ፤ ደግነቱ እኔ በዕድሜዬ ምስጢር ጠብቄ አላውቅም።

ቅዳሜ እንዳላይሽ። ይህን ቃል ለእህቴ ልጅ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ደጋግሜ ግን እጽፈዋለሁ፤ ቅዳሜ እንዳላይሽ። ሞራው እስኪነሳ ቀፎዋን በየጠዋቱ አደርሳለሁ፤ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቡናማ። ኃላፊዋንም በዚያው አነጋግሬያታለሁ፤ የእጅ ሰዓቷ ቆሞባት ስለነበር ጨዋታ ለመጀመር አልከበደኝም። ቁልሉ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እየጎደለ መሆኑን እሷው ነገረችኝ፤ የማሸጊያውን ነገር ትታዋለች። ከቀዶ ሕክምናው ስትወጣ እጇን የምይዘው እኔ ነኝ፤ አንቺ የምትይዢው ብረትና ሲሚንቶ አለሽ። ድልድዩ ሲያልቅ እናትሽን ይዣት እመጣለሁ። በአዲሱ ዓይኗ ታየዋለች፣ በእግሯ ትሻገረዋለች፤ እኔ መጀመሪያ እንድትሻገር አስቀድማታለሁ፣ ቢሰበር ምን አውቃለሁ።

ቦርሳዋ አሁን ሙሉ ናት። ያወጣሁትን ሁሉ መልሻለሁ፤ እያንዳንዱ ቦታው ሲገባ ምክንያቱን እያወቅኩት ነው። እኔም አንድ ጨምሬባታለሁ፤ አሮጌውን አጉሊ መነጽሬን፣ መንገድ ላይ ክር ቢወጣ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። የጠርሙስ ቡሹ። ጎሚስታውን ጠየቅኩ፣ ትከሻውን ነቀነቀ። እናትሽን ጠየቅኩ፣ «እኔን አትየኝ» አለች። በመሪው ጫፍ ለካሁት፣ በኮርቻው ብረት ለካሁት፣ ለመርፌዎቹ መሰኪያ ይሆናል ብዬ ሞከርኩት፤ በመጨረሻ ውኃ ላይ አንሳፈፍኩት። ተንሳፈፈ። ያን እንኳ አውቀው ነበር።

ምክንያቱን በስልክ እንዳትነግሪኝ፤ በደብዳቤም እንዳትጽፊ። ራሴ አገኘዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ሳይክሉን አልመልስልሽም።

የተሰፋ ጎማ የሚነዳው፣
አጎትሽ